«ጥቂት የተሠራበት»፤ በስልክ ስለሚካሄደው የአሮጌ ዕቃ ገበያ የቀረበ ትችት

በተማሪዎች መካከል «ምን አለሽ ተራ ወደ ስልክ ተዛወረ» የሚል አነጋገር ከተለመደ ቆይቷል። ለጨዋታ ያህል ብቻ ቢነገር ኖሮ ባልነካሁት ነበር፤ ነገር ግን ባለፈው ሴሚስተር በክፍል ውይይት ላይ እንደ ማስረጃ ሲጠቀስ ስለ ሰማሁ፣ እውነትነቱ እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ መመርመር ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ጉዳዩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ አዲስ ላፕቶፕም ከተማሪ ኪስ ይበልጥ ራቀ። ስለዚህ በቴሌግራምና በፌስቡክ ላይ አሮጌ ዕቃ ማሰስ ለብዙዎቻችን ጊዜ ማሳለፊያ ሳይሆን ችግር ያስተማረን ሥራ ነው።

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ክሊፎርድ ጊርትዝ በሞሮኮ የሰፍሩን ከተማ ገበያ አጥንቶ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ በእንዲህ ዓይነቱ ገበያ እጅግ የሚቸግረው መረጃ መሆኑን አስረድቷል። ገዢ መረጃ የሚፈልገው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው ከብዙ ሻጮች ዘንድ እየዞሩ ዋጋ መጠየቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአንድ ሻጭ ዘንድ ቆሞ ስለ አንድ ዕቃ በጥልቀት መመራመር ነው። ጊርትዝ ዋነኛ አድርጎ የቆጠረው ሁለተኛውን ነው። ምን አለሽ ተራ የሄደ ሰው ይኸን ለመረዳት መጽሐፍ አያሻውም። መዶሻውን አንሥቶ እጀታውን ይነቀንቃል፤ ድስቱን ገልብጦ ቂጡን ያያል፤ ሬዲዮኑን አስከፍቶ ያዳምጣል። «የመጨረሻው ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ስልኩ ያበዛልን የመጀመሪያውን ዓይነት ፍለጋ ብቻ ነው። አልጋ ላይ ጋደም ብሎ በአንድ ምሽት መቶ ላፕቶፕ ማየት ይቻላል። ይኸ ጥቅም የሚናቅ አይደለም፤ በተለይም እኅቶቻችን የገበያውን ጉንተላና ልክፍት ሳይቀምሱ ዋጋ ለማወዳደር ችለዋል። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ፣ ዕቃው በእጅ ሳይነካ ዋጋው ይቆረጣል። በእጅ የሚመረመረውም ነገር በቃላት ተተካ።

እነዚህን ቃላት እንመልከታቸው። «ስላይትሊ ዩዝድ» ይላሉ፤ ጥቂት የተሠራበት ማለት ነው። ጥቂቱ ሦስት ወር ይሁን ስድስት ዓመት የሚናገር ግን የለም። «ባለቤቱ ወደ ውጭ አገር ስለሚሄድ በአስቸኳይ የሚሸጥ» የሚለው ደግሞ ስለ ዕቃው አንዳች ሳይናገር ገዢውን ያጣድፋል። (ማስታወቂያዎቹ ሁሉ ቢታመኑ ኖሮ አዲስ አበባ ይኸን ጊዜ ባዶዋን በቀረች ነበር።) ከሁሉ የከፋው ግን «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ነው። መርካቶ ውስጥ ለእኔ የተጠራውን ዋጋ አጠገቤ የቆመው ሰው ይሰማል፤ ከበዛም በዐይኑ ይጠቅሰኛል። በውስጥ መስመር ግን እያንዳንዳችን ለየብቻችን እንመዘናለን፤ ለጓደኛዬ የተነገረው ዋጋ ለእኔ ከተነገረው ቢለይ የማውቅበት መንገድ የለኝም።

ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ እንደ ጻፈው፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ፣ ገዢው ለመካከለኛ ዕቃ የሚበቃ ዋጋ ብቻ ያቀርባል፤ ጥሩ ዕቃ ያለውም ሰው ከገበያው ይወጣል። «ጥቂት የተሠራበት» ብሎ መጻፍ ምንም ስለማያስወጣ፣ መጥፎውም ጥሩውም እኩል ይጽፈዋል። የምን አለሽ ተራ ሰዎች የተለዩ ጻድቃን ናቸው ማለቴ አይደለም፤ እዚያም ተታልያለሁ። ነገር ግን ያታለለኝ ሰው በማግሥቱ እዚያው ቦታው ላይ ነበረ፤ ተጨቃጭቀንም ግማሹን መለሰልኝ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ እንዲሆን፣ ገዢም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን እንዲያስታውቅ ያዛል። በስልክ የገዛሁት ላፕቶፕ ባትሪው 20 ደቂቃ እንኳ አልቆየም፤ እኔም እንደ ሕጉ ሳልዘገይ ለማስታወቅ ደወልሁ። ስልኩ ተዘግቷል።

እንግዲህ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው እንዳንል፣ ዛሬ ኢቤይ የሚባለው ድርጅት በ1995 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት መጀመሪያ ያሻሻጠው ዕቃ የተሰበረ የሌዘር ጠቋሚ ነበር። የተሸጠው በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ሲሆን፣ ገዢውም የገዛው መሰበሩን ዐውቆ ነው። በተከታዩ ዓመት ድርጅቱ ገዢና ሻጭ አንዱ ስለ ሌላው ምስክርነት የሚጽፍበትን መዝገብ ከፈተ። እኔ ባየኋቸው የእኛ ቻናሎች ውስጥ ግን ይኸን የመሰለ መዝገብ የለም፤ በብዙዎቹም አስተያየት መጻፊያው የተዘጋ ነው።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ሴት ባለ አራት ምጣድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለሽያጭ አውጥተው፣ ከሥዕሉ በታች «በስተግራ ያለው የኋለኛው አይሠራም፤ ሌሎቹን መጥታችሁ ሞክሩ» ብለው ጽፈው ነበር። ዋጋውንም በግልጽ አስፍረዋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ደወልሁላቸው። «ዘገየህ የኔ ልጅ፣ አሁን ከደጅ እያወጡት ነው» አሉኝ።