ደም የማይነካ እጅጌ

ጅቡቲ ከተማ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ላይ የኖረ ሰው ብረትን አያምንም። ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚነፍሰው ጨዋማ አየር የመስኮቱን ፍርግርግም የበሩን ማጠፊያም ቀስ እያለ ይበላዋል። ኤለን ሮሽ፣ ኮነር ዋልሽና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2017 «ሳይንስ ትራንስሌሽናል ሜዲሲን» መጽሔት ላይ ያቀረቡትን፣ ደካማ ልብን የሚያግዝ የልብ እጅጌ እንዲህ የወደድኩት ምናልባት ለዚህ ይሆናል። ገላው ሲሊኮን፣ ጉልበቱ የታመቀ አየር ነው።

የእጅጌው ጡንቻዎች ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው፤ ውስጣቸው ፊኛ፣ ላያቸው በሰያፍ የተጎነጎነ መረብ። አየር ሲገባ ፊኛው ይወፍራል፤ የመረቡ ክር ግን አይለጠጥምና ወርዱ በሰፋ ቁጥር ቁመቱ ያጥራል። ሲያጥር ይስባል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጆሴፍ ማኪበን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ፖሊዮ ለጎዳት ልጁ ብሎ የደከመበት ነው።

አዲሱ ነገር አደራደሩ ነው። ልብ ሲመታ መኮማተር ብቻ ሳይሆን ይጠመዘዛል፤ የታጠበ ነጠላ የሚጨምቅ ሰው ሁለት እጁን በተቃራኒ እንደሚያዞር፣ የልብ ጫፍና ሥርም በተቃራኒ ይዞራሉ። ስለዚህ ሠሪዎቹ ቱቦዎቹን በሁለት ድርብ ዘረጓቸው፦ አንዱ ዙሪያውን የሚያጠብቅ፣ ሌላው በሰያፍ እየዞረ የሚጠመዝዝ። የልብ ሁለቱ የውጭ የጡንቻ ድርቦች የተዘረጉትም እንዲሁ ነው። ልስላሴው እንኳ ለልብ ሥጋ የቀረበ ሆኖ ተመጥኗል። ከልብ ጋር የሚያያዘው በስፌትና በመምጠጫ ሲሆን፣ እንዳይፋተጉ መሐላቸው ጄል ገብቷል።

ከዚህ ሁሉ ያስቀናኝ ግን ደም አለመንካቱ ነው። ዛሬ ለታማሚ የሚገጠሙት የልብ ፓምፖች ደሙን በውስጣቸው ያሳልፋሉ፤ ደም ባዕድ ነገር ሲነካ ይረጋልና ደም ማቅጠኛ መውሰድ ግድ ይሆናል። የዚህን ጣጣ አዲስ አበባ ውስጥ ሜካኒካል የልብ ቫልቭ የተገጠመለት ሁሉ ያውቀዋል፦ ዋርፋሪን በየቀኑ፣ የደም ምርመራ በየጊዜው፣ ጎመን እንኳ በልክ። እጅጌው ልብን ከውጭ አቅፎ፣ ከምቱ ጋር እኩል እየጨመቀ ያግዛል።

ቅር የሚለኝ ነገር አለ። አየሩን የሚያቀብለው ፓምፕ ከአካል ውጭ ነው፤ ያ ሁሉ ጥንቃቄ መጨረሻው ላይ በቱቦ ከግዙፍ ዕቃ ጋር ይታሰራል። የተሞከረውም በአሳማ ልብ ላይ፣ ለአጭር ጊዜ ነው። የሰው ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ለሰው የሚገጠም እጅጌ እያንዳንዱ ፊኛው በቀን ያንኑ ያህል ተነፍቶ መተንፈስ፣ እያንዳንዱ ስፌቱም ያንን መቻል ይኖርበታል።