የታላመስ ክሮች ጉዞ

በፅንስ አንጎል ውስጥ ከሚከናወነው ሁሉ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ከታላመስ የሚነሱት የነርቭ ክሮች ጉዞ ነው። ታላመስ አንጎል መካከል ሆኖ ዓይን ያየውን፣ ጆሮ የሰማውን፣ ቆዳ የዳሰሰውን ተቀብሎ ወደ አንጎል ቅርፊት የሚያስተላልፍ ክፍል ነው። ከእሱ የሚነሳው አክሰን፣ ያ ቀጭን ክር፣ እስከ ቅርፊቱ ያለውን መንገድ ሁሉ አቋርጦ የራሱን ቦታ ያገኛል።

ምስጢሩ ያለው ጫፉ ላይ ነው። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል እ.ኤ.አ. በ1890 በጫጩት ሽል ላይ የገለጸው ይህ ሰፋ ያለ ጫፍ፣ እንደ ጣት የሾሉ ዘንጎችን እየዘረጋና እየሰበሰበ ዙሪያውን ይዳስሳል። አንዱ ኬሚካል ይስበዋል፣ ሌላው ይገፋዋል፤ እሱም አቅጣጫውን ያስተካክላል። መሃል መንገድ ላይ ደግሞ ከሌላ የአንጎል ክፍል ፈልሰው የመጡ ሕዋሶች መተላለፊያ ይከፍቱለታል።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ትዕግሥቱን ነው። ክሮቹ ቅርፊቱ ሥር እንደደረሱ ወዲያው አይገቡም፤ ከሥሩ ባለው ንጣፍ ውስጥ፣ በሰው ፅንስ ለሳምንታት፣ ይቆያሉ። በዚያ ንጣፍ ያሉት የነርቭ ሕዋሶች ከቅርፊቱ የነርቭ ሕዋሶች ቀድመው የተፈጠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹም በኋላ ይሞታሉ። ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚኖሩ መሆናቸው ግን ሚናቸውን አያሳንሰውም። ተመራማሪዋ ካርላ ሻትዝና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት እነዚህን ሕዋሶች በድመት ፅንስ ላይ ሲያጠፏቸው፣ የዓይንን መልእክት የሚያደርሱት ክሮች የእይታውን ቅርፊት ሳይገቡበት አልፈውት ሄዱ።