ዓይን የሚያውቀው፣ ጆሮ የማያውቀው እንግሊዝኛ

የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሌክቸር አልገባ ሲላቸው የሚሰጡት ምክንያት ተመሳሳይ ነው፤ «ቃላት ያጥረኛል» ይላሉ። ያንኑ ሌክቸር በጽሑፍ ስሰጣቸው ግን አብዛኞቹ አንብበው ይረዱታል። ስለዚህ ያጠራቸው ቃል አይደለም። ቃሉን ያውቁታል፤ የሚያውቁት ግን በዓይናቸው ነው፤ ጆሯቸው ከቃሉ ጋር ገና አልተዋወቀም። እንግሊዝኛ ማዳመጥን ሳስተምር ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ነገር የለም። ችግሩን ያልለየ ተማሪ መድኃኒቱን መዝገበ ቃላት ውስጥ ይፈልጋል፤ ሌሊቱን ቃል ሲሸመድድ ያድርና ጠዋት ክፍል ሲገባ እንደ ትናንቱ ግር ይለዋል።

ነገሩ ከተማሪው ስንፍና የመጣ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወስኗል። ፖሊሲው እንዲህ ይበል እንጂ በብዙ ክፍሎች መምህሩ የሚያስረዳው በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ተማሪው ወደ ደብተሩ ይገለብጠዋል። «ኖት መያዝ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ይህንን ነው። ከሰሌዳ መገልበጥ ደግሞ ዓይንና እጅን እንጂ ጆሮን አይፈልግም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ወደ ትምህርት ቤቶች ሲመጣ ይህ ልማድ በአንድ ጊዜ ተናጋ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ በብዛት የተዘጋጀውም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነበር፤ የሚናገሩት መምህራን አነጋገርም ለእኛ ልጆች እንግዳ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ፕላዝማው አለመቆሙ ነው። ተማሪው ስክሪኑ ላይ ያለውን ልገልብጥ ሲል ንግግሩ ያመልጠዋል፤ ንግግሩን ልስማ ሲል ጽሑፉ ይጠፋል። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ይህን አይረሳውም። ስለ ፕላዝማ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንግሊዝኛው ለልጆቹ ጠቃሚ ነበር፤ የጎደለው ማቆሚያና መመለሻው ነው። ዛሬ ያንን ማቆሚያ እያንዳንዱ ተማሪ በስልኩ ይዞታል። ስለዚህም የተቀረጸ ሌክቸርን ለቋንቋ ትምህርት ከየትኛውም መጽሐፍ አስበልጬ አየዋለሁ።

ጆሮ የሚሳሳተው የት ነው? በአማርኛ እያንዳንዱ ክፍለ ቃል ድርሻውን ይዞ ይሰማል። እንግሊዝኛ ግን አንዱን ክፍለ ቃል አጉልቶ ሌላውን ይውጠዋል። ‹ካን› የሚለውን ቃል ውሰዱ። በተራ አረፍተ ነገር ውስጥ ‹ክን› ሆኖ በፍጥነት ያልፋል። አሉታው ‹ካንት›፣ በአሜሪካኖቹ አፍ ‹ኬንት›፣ ግን ጉልህ ሆኖ ይነገራል፤ መጨረሻው ላይ ያለችው ‹ት› ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አትሰማም። ተማሪው ‹ት›ን ሲጠብቅ «ይቻላል» ብሎ ይጽፋል፤ ሌክቸረሩ ያለው «አይቻልም» ነው። የሚለያቸው ‹ት› ሳትሆን የአናባቢው ጉልህነት ነው። ‹ፊፍቲን› እና ‹ፊፍቲ› ላይም የሚፈጠረው ስሕተት ይኸው ነው፤ አሥራ አምስቱ ኋላው ላይ፣ አምሳው ፊቱ ላይ ይጎላል። የፋርማሲ ወይም የኢንጂነሪንግ ተማሪ በዚህች ልዩነት ሙሉ ስሌት ያበላሻል።

በቃል ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ጉልህ የሚባለው ቦታ ይዘዋወራል። ‹አናላይዝ› ሲባል የመጀመሪያው ክፍለ ቃል፣ ‹አናሊሲስ› ሲባል ሁለተኛው፣ ‹አናሊቲካል› ሲባል ሦስተኛው ይጎላል። በጽሑፍ ሲያዩዋቸው እኅትማማቾች መሆናቸው ግልጽ ነው፤ በጆሮ ሲሰሟቸው ግን ሦስት የማይተዋወቁ ቃላት ይመስላሉ። ስለዚህ ተማሪዎቼ አዲስ ቃል ሲጽፉ የሚጎላው ቦታ ላይ እንዲያሰምሩ አስገድዳቸዋለሁ። ትርጉሙ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ቃላት ይህን ካነሣሁ አይቀር፣ የትኛውን ቃል ማጥናት እንዳለብን ብዙ ጊዜ እንሳሳታለን። ተማሪው የሚፈራው ትልልቁን የሙያ ቃል ነው። በ‹ሚቶኮንድሪያ› ምክንያት ግን ሌክቸር የጠፋበት ሰው አላየሁም፤ ሌክቸረሩ ራሱ ያብራራዋል፣ ይጽፈዋል፣ ይደጋግመዋል። ተማሪው የሚሰናከለው ማንም በማያብራራው መካከለኛ ቃል ላይ ነው፤ ‹አሱም›፣ ‹ኢምፕላይ›፣ ‹ዌርአዝ›፣ ‹ዲስፓይት›፣ ‹ኔቨርዘለስ› በመሳሰሉት። አቬሪል ኮክስሄድ የተባለች የኒውዚላንድ የቋንቋ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር እነዚህን ነው የሰበሰበው። 570 የቃል ቤተሰቦች ናቸው፤ ከአካዳሚክ ጽሑፍ አንድ አሥረኛውን ያህል ይሸፍናሉ። ዝርዝሩ የተሠራው ከጽሑፍ እንጂ ከንግግር አይደለም፤ ቢሆንም ሌክቸረሩም ያነበበውን ስለሚናገር ለእኛ ሥራ ይበቃል። ከላይ ወደ ታች መሸምደዱን ግን አልመክርም። ሌክቸር ሲሰሙ አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ካለፈ ይያዝ፤ አንዴ ብቻ ካለፈ ይለፍ። የሚያዘውም ብቻውን ሳይሆን ከፊቱና ከኋላው ካሉት ቃላት ጋር፣ ሌክቸረሩ እንዳለው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፣ ወደ አሰማሙ እንግባ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙ እስክሪብቶ አይያዝ። ይህን ስናገር ክፍል ውስጥ ማጉረምረም ይነሣል፤ እጁ ባዶ የሆነ ተማሪ ያመለጠው ይመስለዋልና። ግን ሒሳቡን እንየው። ሌክቸረር በአማካይ በደቂቃ ከ120 እስከ 150 ቃል ይናገራል፤ በእጁ የሚጽፍ ሰው ግን በደቂቃ ከ20 እስከ 30 ቃል ቢጽፍ ነው። ሁሉን ልጻፍ ያለ ተማሪ ከአምስት ቃል አራቱን ያህል መጣሉ አይቀርም። ጥያቄው የትኛውን እንደሚጥል ነው። ሳይሰማ የሚጽፍ ሰው ደግሞ የሚጥለውን አይመርጥም።

በመጀመሪያው ዙር የሚፈለገው የሌክቸሩ መታጠፊያ ነው። ሌክቸረር አዲስ ነገር ሊጀምር ሲል ትንሽ ዝም ይላል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ‹ናው›፣ ‹ኦልራይት›፣ ‹ሶ› ይላል። ሐሳቡን ሊያዞር ሲል ‹ኦን ዚ አዘር ሃንድ› ይላል። ምሳሌ ሊሰጥ፣ ሊያጠቃልል፣ ከርእሱ ሊወጣ ሲልም የራሱ ምልክት አለው። ክሬግ ቾድሮንና ጃክ ሪቻርድስ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት አንድን ሌክቸር በተለያየ መልክ አዘጋጅተው ለውጭ ተማሪዎች አሰሙ። ተማሪዎቹን የበለጠ የረዳቸው «ቀጥሎ የማነሣው»፣ «እስካሁን ያየነው» የሚሉት የሌክቸሩን አካሄድ የሚያሳዩ ትልልቅ ማያያዣዎች ናቸው፤ በየአረፍተ ነገሩ ጣል የሚደረጉት ትናንሾቹ ያን ያህል አልጠቀሙም። በክፍሌ የማየውም ይህንኑ ነው። መታጠፊያውን የሰማ ተማሪ መካከሉ ላይ አሥር ቃል ቢያመልጠው አይጠፋም።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። የስታንፎርዱ ሮበርት ሳፖልስኪ ስለ ሰው ባሕርይና ሥነ ሕይወት የሰጠው ኮርስ እ.ኤ.አ. በ2010 ተቀርጿል፤ በዩቲዩብም ይገኛል። የመጀመሪያው ሌክቸር አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሳፖልስኪ ፈጣን ተናጋሪ ነው፤ ጨዋታውና ምሳሌው ብዙ ነው። ተማሪዎቼ እንደ ልማዳቸው እየጻፉ አንዴ ሰምተው ኖት ሲያሳዩኝ ገጹ በምሳሌ ተሞልቷል፤ ምሳሌው የምን ምሳሌ እንደሆነ ግን አልተጻፈም። እንደገና ሰምታችሁ መታጠፊያውን ብቻ ፈልጉ ስላቸው የሌክቸሩ አጥንት ይወጣል፦ ነገሮችን በምድብ ከፍሎ ማሰብ ለማስታወስ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሦስት ጉዳት አለው። በአንድ ምድብ ውስጥ ያሉትን ነገሮች ልዩነት አሳንሰን እናያለን። በድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያሉትን ልዩነት አጋነን እናያለን። ድንበር ድንበሩን ስናይ ደግሞ ጠቅላላው መልክ ይሰወርብናል። አንድ ሰዓት የፈጀው ንግግር በአራት መስመር ቆመ። ምሳሌዎቹ ከዚያ በኋላ እያንዳንዳቸው ቦታቸውን ያገኛሉ።

ሁሉም ግን በሳፖልስኪ መጀመር የለበትም። የኢንጂነሪንግና የሒሳብ ተማሪዎችን የምልካቸው ወደ ኤም አይ ቲው ጊልበርት ስትራንግ የሊኒየር አልጀብራ ሌክቸሮች ነው። ስትራንግ ቀስ ብሎ ይናገራል፤ አረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ጥያቄውን ራሱ ይጠይቅና ራሱ ይመልሳል፤ ሰሌዳውም ግማሹን ሥራ ይሠራል። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ዬል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በነፃ ያወጣቸው ኮርሶች ይስማሟቸዋል፤ ለምሳሌ የፖል ብሉም የሥነ ልቦና መግቢያ። የእነዚህ ጥቅም ከድምፁ ጋር ሙሉ ጽሑፉም መገኘቱ ነው። ቪዲዮው ዳታ ይበላል፤ ድምፁ ብቻ ግን ቀላል ነው። ዶርም ውስጥ አንዱ አውርዶ በፍላሽ ለጓደኞቹ ሊያካፍል ይችላል። ብዛት አያስፈልግም። ሃያ ሌክቸር አንዴ አንዴ ከመስማት አንዱን ሌክቸር አሥር አሥር ደቂቃ ከፋፍሎ ደጋግሞ መስማት ይበልጣል። ጽሑፉ የሚከፈተው በመጨረሻ ነው፤ ያመለጠው ቃል የማይታወቅ ነበር ወይስ እየታወቀ ያልተሰማ የሚለውን ለመለየት። የማይታወቀው ወደ ቃላት ደብተር ይሄዳል። እየታወቀ ያልተሰማው ተመልሶ ይደመጣል፤ ከተናጋሪው እኩል በአፍም ይባላል። አፍ ያልተለማመደውን ድምፅ ጆሮ ቶሎ አይለየውም።

ስለ ኖት ብዙ ዘዴ ተጽፏል። እኔ የምጠቀመው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዋልተር ፓውክ ያስፋፋውን ነው። በገጹ ግራ በኩል ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ በመስመር ይለያል፤ ከግርጌም ጥቂት ባዶ መስመር ይተዋል። በቀኝ በኩል ሲሰሙ ይጻፋል፤ ግራው ባዶ ይቆያል። ማታ፣ ሳይውል ሳያድር፣ በግራ በኩል ጥያቄ ይወጣል፤ ከግርጌ በራስ ቃል ማጠቃለያ ይጻፋል። ብዙዎች መስመሩን ያሰምሩና ግራውን ሳይነኩት ፈተና ይደርሳል። ያኔ ዘዴው ተራ ደብተር ሆኖ ይቀራል።

የሚጻፍበት ቋንቋ ላይ ጥብቅ አይደለሁም። አንዳንድ መምህራን ኖት ውስጥ አማርኛ ሲያዩ ይቆጣሉ። እኔ አልቆጣም። ፊደላችን ለአጭር ጽሕፈት የተመቸ ነው፤ ‹ም› ለምክንያት፣ ‹ው› ለውጤት፣ ‹ተ› ለተቃራኒ ብሎ በቀስት ማያያዝ ጊዜ ይቆጥባል። የሙያ ቃሉ በእንግሊዝኛ ይቆይ፤ ማያያዣው በፈለጉት ይሁን። ማታ ግርጌ ላይ የሚጻፈው ማጠቃለያ ግን በእንግሊዝኛ ካልሆነ አልቀበልም፤ ቋንቋው የሚሠራው እዚያ ነውና። ስላይዱን በስልክ ፎቶ ማንሣት ደግሞ ኖት አይደለም። ፎቶው ስልኩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ተማሪው ምን እንደገባውና ምን እንዳልገባው ግን አይነግረውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀር አንድ ነገር አለ፤ ለሌላ ሰው መናገር። በቅኔ ቤታችን ተማሪው ከመምህሩ የሰማውን ቅኔ በጆሮው ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ይመላለስበታል፤ ያልያዘው ነገር ሲናገር ይታወቅበታል። ይህን ልማድ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ የጣልነው ያለ ምክንያት ነው። ሁለት ተማሪዎች አንድ ሌክቸር ሰምተው አንዱ ለሌላው ኖቱን ብቻ እያየ በእንግሊዝኛ አምስት ደቂቃ ያስረዳ። ሰሚው ሲያቋርጠውና «እንዴት?» ሲለው ኖቱ የት ቦታ ባዶ እንደሆነ ይገለጣል። ሁለቱ ኖቶች ከተለያዩ ደግሞ ወደ ድምፁ ተመልሰው ማን ትክክል እንደሰማ ያጣራሉ። እኔ ከማርምላቸው ይልቅ ይህ ይበልጥ ያስተምራቸዋል።

ይህን የምታነቡ መምህራን፣ እባካችሁ በእንግሊዝኛ ስታስተምሩ መንገዳችሁን ንገሯቸው፤ የዛሬው ትምህርት ስንት ክፍል እንዳለው፣ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው መቼ እንደተሻገራችሁ በግልጽ በሉ። በየሃያ ደቂቃው ቆም በሉና ያልገለበጠ ሳይሆን ያልሰማ ካለ ጠይቁ። ተማሪዎች ደግሞ ሴሚስተሩ እስኪጋመስ አትጠብቁ። ዛሬ ከትምህርት ክፍላችሁ ጋር የሚቀራረብ አንድ ሌክቸር አውርዱ፤ ደብተሩን ዝጉና የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ስሙ፤ ከዚያ ያንኑ አሥር ደቂቃ ነገም ስሙ።