ጣት የጠቆመው ጥርስ

ጥርስ መንቀል ከሙያችን ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ፣ ታካሚው «ይኸኛው ነው ዶክተር፣ ንቀልልኝና ልገላገል» እያለ፣ ጥርሱ ላይ ግን አንዳች ጥፋት ሳይገኝ፣ እጅን መሰብሰብ ነው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ከሳሪስ፣ ከመካኒሳ፣ ከጎፋና ከለቡ የሚመጡ ሰዎችን አያለሁ። የተቦረቦረ ጥርስ አያደክመኝም፤ እሱ ራሱን ያጋልጣል። የሚያደክመኝ ነጭና ሙሉ፣ ራጅ ላይም ንጹሕ ሆኖ ባለቤቱን እንቅልፍ የሚነሳው ነው።

መጀመሪያ የማላምነው ጣትን ነው። የጥርስ ነርቭ ሲቆጣ መታመሙን ያሳውቃል እንጂ የቱ እንደሆነ በደንብ አይለይም። ቁጣው ከሥሩ ጫፍ አልፎ፣ ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር ያያያዘው ጅማት ላይ ሲደርስ ነው ሰው በትክክል «ይኸው» የሚለው። ከዚያ በፊት የታችኛው መንጋጋ ታሞ የላይኛው ያመመ ሊመስል ይችላል፤ ጆሮውን ሲታከም ከርሞ የሚመጣም አለ። ሕመሙ ከግራ ወደ ቀኝ ግን አይሻገርም። ስለዚህ በታመመው ጎን ያሉትን ጥርሶች ሁሉ፣ ላይም ታችም፣ ተራ በተራ በቅዝቃዜ እፈትናለሁ። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የመርፌ ክዳን ውስጥ ውሃ ሞልቶ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ይበቃል፣ መብራት ካልጠፋ። ጤነኛው ጥርስ በረዶው ሲነሳለት ወዲያው ይረጋጋል። ነርቩ ክፉኛ የተቆጣው በረዶው ከተነሳም በኋላ ይጠዘጥዛል። ጭራሽ የማይሰማው ደግሞ ነርቩ ሞቶ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው ወደኛ የሚደርሰው የቤት መድኃኒቱን ጨርሶ ነው። ቅርንፉድ ያስታግሳል፣ ክፋት የለውም። ነጭ ሽንኩርትና አረቄ ይዞ ያደረ ግን ድዱ ተለብልቦ ይመጣና ሁለት ሕመም እንፈልጋለን። አሞክሳሲሊን ገዝቶ የዋጠም አለ። የተቆጣ ነርቭ በአንቲባዮቲክ አይድንም። ለሁለት ቀን ጋብ ማለቱ ሰውን ያታልለዋል፤ በራሱም ጊዜ ጋብ የሚል ሕመም ነውና።

ባገራችን አዘውትሬ የምጠረጥረው ስንጥቅን ነው። ቆሎ እንቆረጥማለን፤ በጾም ሽምብራው ይበዛል፣ ጾም ሲፈታ አጥንት ይጋጣል። ራጅ ጥላ ብቻ ስለሆነ ጥርስን ከፊት ወደ ኋላ ለሁለት የሚከፍል ቀጭን ስንጥቅ አያሳይም። የሚያሳየው ጥያቄ ነው፦ «የሚወጋህ ስትነክስ ነው ወይስ ስትለቅ?» ታካሚው ትንሽ ያስብና «ስለቅ» ካለኝ ግማሹን መንገድ ሄድኩ ማለት ነው። ሲነክስ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ሲለቅ ይገጥማል፤ በጥርሱ ውስጥ ባሉት ረቂቅ ቱቦዎች ያለው ፈሳሽ ድንገት ሲንቀሳቀስ ነርቩን ይነካዋል። የጥርስ ሐኪሙ ካሜሮን ለዚህ ችግር ስም ሰጥቶ የጻፈበት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ዛሬም ግን ስንት ሰው «ምንም የለህም» ተብሎ ይመለሳል። እኔ ትንሽ እንጨት በእያንዳንዱ የመንጋጋ ጉብታ ላይ ለብቻ አስነክሳለሁ፣ በጎን በኩል መብራት አበራለሁ። ብርሃኑ ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ከወዲያ ያለው የጥርሱ ክፍል ይጨልማል። ከተገኘ ጥርሱን ማልበስ ብዙውን ጊዜ ያድነዋል። ስንጥቁ ወደ ሥሩ ወርዶ ከሆነ ያን ጊዜ ይነቀል፣ ቅር አይለኝም።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። አንዲት እናት ሌላ ቦታ ሁለት ጥርስ ተነቅሎላቸው፣ ሦስተኛውን ሊያስነቅሉ መጡ።

«ፊቴን ስታጠብ ኮረንቲ ይይዘኛል፣ ልጄ።»

«ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል፣ እማማ?»

«ዓይን ጨፍኖ እስኪገልጡ።»

ሌሊቱን በደህና ይተኛሉ። በረዶው ምንም አልነገረኝም። ከንፈራቸው አጠገብ በጥጥ ስነካቸው ግን ከወንበሩ ሊነሱ ደረሱ። ይህ የጥርስ ሳይሆን ፊትን የሚያዳርሰው ትልቁ ነርቭ ሕመም ነው። መድኃኒቱ ካርባማዜፒን ነው፤ ስዊድናዊው ሐኪም ብሎም ለዚህ ሕመም እንደሚሠራ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1962 ነበር። ችግሩ መድኃኒቱ የሚጥል በሽታ ላለበትም መሰጠቱ ነው፤ ፋርማሲ ውስጥ ይህ ከተነገራቸው ይደነግጡና ጥለውት ይሄዳሉ። ስለዚህ አስቀድሜ እኔው ነገርኳቸው፤ ማዞሩንም፣ የደም ምርመራውንም። ከዚያ ወደ ነርቭ ሐኪም ላክኋቸው፣ ምክንያቱም ነርቩን የሚጫን ነገር አለመኖሩን በኤምአርአይ ማየት የእኔ ሥራ አይደለም።

የሌሎች ታካሚዎች የላይኞቹ መንጋጋዎች ሁሉም ባንድነት ከከበዱና ሲያጎነብሱ፣ ሲሰግዱ፣ ልብስ ሲያጥቡ ከባሰ ጉንፋን ይዟቸው እንደነበር እጠይቃለሁ። የሥሮቹ ጫፍ ከሳይነስ ወለል ጋር ይጎራበታል። ጠዋት አገጩ ደክሞ የሚነሳ ደግሞ ሌሊት ጥርሱን ሲያፋጭ ያድራል፤ ጉንጩን በጣቴ ስጫነው «እሱ ነው ያመመኝ!» ይላል፣ ጡንቻው ላይ።

አንዱን ግን ሳልጠይቅ አልልፍም። ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞቻችን ሊፍት የላቸውም። አራተኛ ፎቅ ሲወጣ የታችኛው መንጋጋው የሚያመው፣ ቆሞ ሲያርፍ የሚተወው ሰው ጥርሱ ላይ አንድ ደቂቃ ማባከን አይገባኝም። የልብ ሕመም ደረት ላይ ሳይሰማ መንጋጋ ላይ ብቻ ሊሰማ ይችላል። እንዲህ ያለው በቀጥታ ኢሲጂ ወዳለበት ይሄዳል፤ በተለይ ስኳርና ደም ግፊት ካለበት።

ግራ ሲገባኝ የማደንዘዣው መርፌ ይዳኛል። የተጠረጠረውን ጥርስ አደነዝዛለሁ። ሕመሙ ከጠፋ ምንጩ እዚያ አካባቢ ነው፤ ከንፈሩ ደንዝዞም ሕመሙ ካልሄደ ሌላ ቦታ ልፈልግ። ይህን መርፌ ለመንቀል ብቻ ሳይሆን ለመጠየቅም የሚጠቀምበት ባለሙያ ጥቂት ነው፣ ያሳዝነኛል።

ይህም ሁሉ ተደርጎ ምንም የማይገኝበት አለ። ጥርሱ ተነቅሎ እንኳ ባዶው ቦታ የሚያመው ሰው አለ፤ ማርባክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1978 ጽፎበታል። ሕመሙ እውነት ነው። የተበላሸው ግን ጥርሱ ሳይሆን ስሜቱን የሚያደርሰው የነርቭ መንገድ ነው። ለእነዚህ በትንሽ መጠን የሚሰጥ አሚትሪፕቲሊን ይሞከራል፤ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ሁሉንም አይረዳም። እያንዳንዱ ተጨማሪ ነቀላ ግን ሊያባብሰው ይችላል።

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ። ሰውየው ከሥራ ቀርቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ ገንዘብ ከፍሎ መጥቷል፤ «አልነቅልም» ስለው ያልታከመ ይመስለዋል። ሌላ ክሊኒክም እንደሚሄድ አውቃለሁ። ስለዚህ ካርዱ ላይ የትኞቹ ጥርሶች በበረዶ እንደተፈተኑ፣ የትኛው እንደደነዘዘና ሕመሙ እንዳልቆመ፣ ለምን እንዳልነቀልኩ እጽፋለሁ፤ ቅጂውን ለእሱ እሰጠዋለሁ፤ ቀጥሎ መንቀያውን የሚያነሳው ባለሙያ ከወንበሩ አጠገብ እንዲያነበው።