የጕባኤ ቤት ትምህርት በደራስያንና በአገር መሪዎች ሕይወት

የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ የሚጽፉ ሁሉ አንድ የተለመደ አነጋገር አላቸው። ስለ ደራሲም ሆነ ስለ አገር መሪ ሲጽፉ «በልጅነቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማረ በኋላ» ብለው በግማሽ መስመር ያልፉና ከዚያ ወዲያ ያለውን፥ ይኸውም ወደ ዋና ከተማ የገባበትን፥ ባሕር የተሻገረበትን፥ ከኰሌጅ የምስክር ወረቀት የተቀበለበትን ዘመን ገጽ በገጽ እያከታተሉ ይተርካሉ። በዚያች ግማሽ መስመር ውስጥ ግን አንዳንድ ጊዜ ዐሥር፥ አንዳንድ ጊዜም ዐሥራ አምስት ዓመት ተቀብሮ ይገኛል። ሰውዬው ቃል መምረጥን፥ ነገር መስማትን፥ መከራከርን፥ መራብንም የተማረው በዚያ ዘመን ነው። ይህም ጕድለት ከሁሉ ይልቅ የሚያስወቅሰው ጎንደርንና በጣና ዙሪያ ያለውን አገር በሚመለከት ጊዜ ነው።

ኰሌጅ ማለት መምህርና ደቀ መዝሙር በአንድ ስፍራ ተሰብስበው ከታናሹ ወደ ታላቁ ትምህርት በሥርዓት የሚወጡበት ቤት ማለት ከሆነ፥ ጎንደር ኰሌጅ የነበራት ከጥንት ዠምሮ ነው። በነገሥታቱ ግቢ ውስጥ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ሕንፃ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ሲሆን እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ከግቢውም ውጭ አርባ አራት እየተባሉ የሚጠሩት አድባራት ነበሩ። ዜማ የሚፈልግ ተማሪ ለድጓው ወደ ቤተልሔም፥ ለዝማሬና ለመዋሥዕቱ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል፤ አቋቋሙን ሊያጸና ግን ወደ ጎንደር በአታ ይመጣል። ቅኔውን በጎጃም ወይም በዋድላ ተቀኝቶ መጻሕፍትን ሊተረጕም የሚሻውም መድረሻው ይህችው ከተማ ነበረች። በትርጓሜ ትምህርት ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት ሁለቱ ወገኖች ስማቸውን ያገኙት ከጎንደር ከተማ አቀማመጥ ነው፤ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የነበሩት መምህር ኤስድሮስም የታች ቤት አባት ተብለው ይጠራሉ።

የዚህ ትምህርት አካሄድ ለሥነ ጽሑፍ ምን እንዳደረገ ማስተዋል ይገባል። ተማሪው ግእዙን ያነባል፤ መምህሩ በአማርኛ ይፈታል፤ ፈትቶም አያበቃም፥ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፥ ደግሞ «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ፍቺ ያመጣል፤ ታሪክ ይጠቅሳል፥ ከገበሬና ከነጋዴ ኑሮ ምሳሌ ይመስላል። ታሪከ ነገሥት በግእዝ ይጻፍ በነበረበት ዘመን የአማርኛ ስድ ንባብ ከግእዙ መጽሐፍ አጠገብ ተቀምጦ በመምህራን አፍ ያደገው እንዲህ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ከአውሮፓ መጣ የሚሉ ሰዎች ቅርጹን አይተው እንጂ ዐረፍተ ነገሩን መርምረው አልተናገሩም።

የቅኔው ቤት ሥራ ደግሞ ሌላ ነው። ተማሪው በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቈጥሮ በመምህሩ ፊት ይናገራል፤ ትላንት የተነገረው ዛሬ አይደገምም፥ ከባልንጀራው የወሰደም ያፍራል። ሁለት ቤት ካላት ከጕባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ የሚደርስ ሰው ሰምና ወርቅን ከማዋሐድ ጋራ ቃልን ማሳጠርን ይማራል። በዚህ ሁሉ መካከል ደበሎውን ለብሶ፥ አኰፋዳውን አንግቶ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቍራሽ ይለምናል። ስለዚህ ልመና ብዙ ጸሐፊዎች ያዝናሉ፤ ውሻውና ብርዱ ቀላል አልነበረምና ማዘናቸው ደግ ነው። ነገር ግን ተማሪው ከደጅ ደጅ ሲዞር የባልቴቷን ምርቃት፥ የጭሰኛውን ምሬት፥ የጌታውን ቍጣ በየአገሩ አነጋገር ይሰማል። ለደራሲ የሚሆን እንዲህ ያለ የጆሮ ትምህርት በየትኛው ኰሌጅ እንደሚሰጥ ለመናገር ያስቸግራል።

ከዚህ ቤት የወጡት ሁሉ መጽሐፍ አልጻፉም። አለቃ ገብረ ሐና የጎንደር በአታ አለቃ የነበሩ፥ በፍትሐ ነገሥት ዕውቀታቸው የተመሰገኑ ሰው ናቸው፤ ተክሌ የሚባለውም የአቋቋም ስልት ከእርሳቸውና ከልጃቸው ስም ጋራ የተያያዘ ነው። በሕዝብ አፍ የተረፈው ግን ቀልዳቸው ነው። ያም ቀልድ ቢመረመር ከቅኔ ቤት የወጣ ኅብረ ቃል ሆኖ ይገኛል፤ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ይዞ በመኳንንት ማዕድ ላይ ይወድቃል፥ ተሰዳቢውም መሰደቡን የሚያውቀው ሌላው ሰው ሲስቅ ነው። ሕዝቡ ቀልደኛ ብሎ ሲያከብራቸው ሊቅነታቸውን ሳያውቀው ወሰደባቸው።

ስለ መሪዎች የተነሣ እንደ ሆነ ደግሞ ከሁሉ የሚቀድመው የቋራው ካሣ ኃይሉ ነው። ጠላቶቹ እናቱን ኮሶ ሻጭ ማለታቸውን የማያውቅ የለም፤ ደቀ መዝሙርነቱን ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚናገሩት በጨንቀር በተክለ ሃይማኖት ገዳም ሲማር ሳለ ዘራፊ ጦር ገዳሙን ወርሮ ብዙ ልጆች ሲያልቁ እርሱ አመለጠ፤ በማኅበረ ሥላሴ ገዳምም መማሩ ይነገራል። ትምህርቱ ግን ሳይፈጸም ቀረ፤ ጊዜው የመሳፍንት ጊዜ ነበርና በረሓ ገባ፥ ሸፈተ። ይህ ሳይፈጸም የቀረ ትምህርት እስከ ዕለተ ሞቱ ተከትሎታል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ በስሜን ባሠሩት በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ሲነግሥ ቴዎድሮስ የሚለውን ስም መረጠ። ይህ ስም በፍካሬ ኢየሱስ ስለሚመጣው ጻድቅ ንጉሥ የተጻፈ ስም ነው፤ ሌሎቹ መሳፍንት ጠመንጃና ዘር ሲቈጥሩ እርሱ ሥልጣኑን ከመጽሐፍ አወጣ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፥ የሚተርፈው መሬት ለመንግሥት ሥራ ይዋል ብለው ከካህናት ጋራ ተጣሉ። ይህን አሳብ ከውጭ አገር ሰዎች የተማሩት አድርገው የሚተርኩ አሉ። ነገር ግን ቍጥሩ ራሱ የማን እንደ ሆነ ይመሰክራል፤ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ቅዳሴ ለመቀደስ የሚበቁ ልዑካን ናቸውና፥ ይህን የሚያውቅ ከቤተ መቅደሱ አጠገብ ያደገ ሰው ነው። በዚያ ቍጥር ውስጥ ግን ደብተራው፥ የድጓው መምህር፥ የመጽሐፉ ጕባኤና በዙሪያው የሚተኛው ተማሪ ስፍራ የላቸውም። ንጉሡ ቅዳሴውን አስቀርተው ኰሌጁን ዘጉት ማለት ነው። ትምህርቱን ሳይፈጽም የወጣ ሰው ያላየው ክፍል ይህ ይመስላል፤ ጕባኤውን ሳይደርስበት ወጥቶአልና። ካህናቱም በበኩላቸው መሬቱን ሲከራከሩለት ስለ ጕባኤው ክርክር አላስቀደሙም፤ ርስታችንን አንነካም ማለታቸው ነገሩን የጥቅም ጠብ አስመሰለው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ዘረፉ፥ አድባራቷንም አቃጠሉ። መጻሕፍቱን ግን አላቃጠሉም፤ ወደ መቅደላ አስወስደው በመድኃኔ ዓለም ስም ለሚያቆሙት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አከማቹአቸው። ቤተ መጻሕፍት ለመትከል ቤተ መጻሕፍትን አፈረሱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ከዚያ ክምችት ሦስት መቶ ሃምሳ ያህል የብራና መጻሕፍት ለለንደን ሙዚየም ተመርጠው ሄዱ፤ ብዙዎቹም የጎንደር አድባራት ንብረት ነበሩ። በጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ከተማዋን ሲያቃጥል የቀረውን ፈጀው። እንግዲህ በጎንደር ስላደገው ትምህርት ሊጽፍ የሚሻ ሰው ከማስረጃው ከፊሉን የሚያገኘው በባዕድ አገር ነው።

ከዚህ ጥፋት ጎን ለጎን ግን የዚያው ንጉሥ ዘመን ለአማርኛ ጽሑፍ በር ከፈተ። ደብተራ ዘነብ የቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት በግእዝ ሳይሆን በአማርኛ ነው። አጻጻፋቸው አጭር፥ ደረቅ፥ ሹመትና ዘመቻ የሚያከታትል ቢሆንም አልፎ አልፎ አንድ የንግግር ቃል ጣል ያደርጉና ሰውዬው ከገጹ ብድግ ይላል። ይህን ደፋር ሥራ ከንጉሡ ፈቃድ ብቻ የመጣ አድርጎ ማየት አይበቃም፤ አማርኛውን በየቀኑ ሲፈታበት የኖረ ደብተራ ባይኖር ፈቃዱ ብቻውን መጽሐፍ አይሆንም ነበር።

የአውሮፓን ኰሌጅ ከአገር ቤት ትምህርት ጋራ ያዋሐዱ መዠመሪያዎቹ ሰዎች ከጣና ዳርና ከበጌምድር መነሣታቸው እንግዲህ ድንገት የሆነ አይደለም። ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ሰው ናቸው፤ በቱሪን የሥዕል ትምህርት ቤት ተማሩ፥ በኔፕልስ አማርኛ አስተማሩ፥ በ1900 ዓ.ም. በሮም «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ታሪኩ የአውሮፓን ተረት ይመስላል፤ ቃሉ ግን እንደ ድጓ ይፈሳል፥ አንዱን ነገር በአምስት ስም እየጠራ አንባቢን እስኪያጠግብ፥ አንዳንድ ጊዜም እስኪያሰለች ድረስ። አለቃ ታየ ገብረ ማርያም ደግሞ ከበጌምድር ከይፋግ አካባቢ ወጥተው በምንኩሉ በስዊድን ሚስዮን ተማሩ፥ ሰዋስው ጻፉ፥ ከ1898 እስከ 1900 ዓ.ም. በበርሊን አስተማሩ። ስለ ሃይማኖት ከሊቃውንት ጋራ የነበራቸው ክርክር የታወቀ ነው፤ የነገድን አመጣጥ በሚመለከት በታሪክ መጽሐፋቸው ያሰፈሩትም ዛሬ ብዙ ትችት አለበት። ዐረፍተ ነገራቸው ግን የተለካ ነው፤ ቃል አያባክኑም።

ሁለቱም ከአንድ አገር ትምህርት ተነሥተው በአንድ ዘመን በአውሮፓ መምህራን ሆነው ሳለ መጨረሻቸው አልተገናኘም። ነጋድራስ አፈ ወርቅ በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገሪቱን ስትይዝ ከጠላት ጋራ ቆሙ፥ «አፈ ቄሣር» የሚለውንም ስም ተቀበሉ። አለቃ ታየ በ1916 ዓ.ም. ዐርፈው ስለ ነበር ያን ፈተና አላዩትም፤ ስለዚህ ቢደርስባቸው ምን ያደርጉ ነበር ማለት ከንቱ ነው። ጕባኤ ቤትም ሆነ የቱሪን ትምህርት ቤት ለቃል ባለሙያ ማውጣቱን እንጂ ለልብ ዋስ መሆኑን ከዚህ ታሪክ ማስረዳት አይቻልም። ጕባኤ ቤትን ከመጠን በላይ የሚያሞግሱ ሰዎች ይህን አንድ ነገር ቢያስቡ መልካም ነው።

በጎንደር ራሷ አዲሱ ዓይነት ኰሌጅ የተከፈተው ወባ በደንብያ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ነው፤ የሕዝብ ጤና ኰሌጅ ተብሎ ዠመረ፥ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ባላገር እየላከ ማስተማሩ የቀድሞውን ተማሪ ያስታውሳል፤ ልዩነቱ ይህኛው ወደ ደጁ የሚሄደው ሊለምን ሳይሆን ሊያክምና ሊቈጥር መሆኑ ነው።

ጎንደር ለትርጓሜ እንደ ሆነች ጎጃም ለቅኔ ናትና፥ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን ያስገኘው የጎጃም ቅኔ ቤት ነው። እርሳቸውም በኋላ በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ተምረው፥ በኢጣልያ ታስረው፥ አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነዋል። ይህን ሁሉ አይተው በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ባሳተሙ ጊዜ የታሪኩን ባለቤት በዛብህን ዲፕሎማት አላደረጉትም፤ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት የቅኔ ተማሪ አደረጉት። የመጽሐፉ ኃይል ያለው በፍቅሩ ልቅሶ ላይ ሳይሆን ድኻው ተማሪ በጌታው ቤት ሲገባ በዝምታው ውስጥ የሚያስበው ነገር ላይ ነው። የበር ላይ ልመናን የማያውቅ ደራሲ ያን ዝምታ ሊጽፈው አይችልም ነበር።

መንግሥቱ ለማ ደግሞ በለንደን የተማሩ፥ ተውኔት የጻፉ ሰው ሲሆኑ ከባሕር ማዶ ተመልሰው በአባታቸው በአለቃ ለማ ኃይሉ ፊት ተቀመጡ፤ አባትየው ስለ ተማሪ ቤት ኑሮአቸው፥ ስለ መምህሮቻቸው፥ ስለ ረኃቡና ስለ ጨዋታው ሲናገሩ ቃላቸውን ቀረጹ። ያም በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ተብሎ ታተመ። አንባቢ በዚያ መጽሐፍ የሚያገኘው የሽማግሌ ንግግር ነው፤ ዕረፍቱ፥ ድግግሙ፥ ሣቁ አልተቃናም፤ ልጁ ደራሲ ሆነው ሳለ ብዕራቸውን ማንሣታቸው ሊመሰገን ይገባል። ይህን የመሰለ ሥራ ለጎንደር መምህራን የሚያሰናዳ ሰው ቢነሣ ጥያቄውን ከኰሌጅ መዝገብ ባይዠምር ይሻለዋል። የትርጓሜ መምህራን የመምህራቸውን፥ የመምህራቸውንም መምህር ስም እስከ ኤስድሮስ ድረስ በቃል ያወርዳሉ፤ ያም የስም ሐረግ በየጕባኤው እስከ ዛሬ ይነገራል።