ካባ ለባሹና ፒዛ ቤቱ

ካባ ያጠለቀ ኃያል፣ ፍቅርና ሳቅ በአንድ ድስት ሲቀቀሉ ምን እንደሚወጣ ማየት የሚሻ አንባቢ ቢኖር፣ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣውን «ጂሰስ ሾውስ ዩ ዘ ዌይ ቱ ዘ ሃይዌይ» የተባለ ፊልም ይመልከት እንላለን።

ዳንኤል ታደሰ ጋጋኖ የተባለ የሲ.አይ.ኤ. ሰላይ ሆኖ ይጫወታል። ሰውየው ስለላው ሰልችቶታል፤ ምኞቱ ከሚስቱ ከማሊን ጋር ሥራ ከፍቶ መኖር ነው፤ እሱ ፒዛ ቤት፣ እሷ የኪክ ቦክስ ማሠልጠኛ። መቱ ወይም በደሌ ላይ አንዲት ሱቅ ለመክፈት ስንት ዓመት ዕቁብ የሚጥሉ ባልና ሚስት ለምናውቅ ለኛ፣ ይኼ ቀልድ ብቻ አይደለም። የፊልሙ ልብ ያለው እዚያ ነው።

ትልቁ ብልሃቱ ደግሞ የባትማንን ልብስ ለአዳኝ ሳይሆን ለአምባገነን ማልበሱ ነው። ሰሎሞን ታሼ የሚጫወተው ባትፍሮ «ቤታ ኢትዮጵያ»ን ይገዛል። ጭምብል ያጠለቀ ሁሉ ሊያድነን የመጣ ለሚመስለው ተመልካች ጥሩ ኩርኩም ነው። ከልባችን ስቀናል።

ዳሩ ግን ጋጋኖ በኮምፒዩተር ዓለም ተይዞ ሥጋው አልጋ ላይ ሲጋደም፣ የፍቅሩም ነገር አብሮ ይጋደማል። የወረቀት ጭምብል፣ ስታሊን፣ ድብድብ... ቀልድ በቀልድ ላይ ሲከመር ማሊን የሚገባትን ያህል ጊዜ አላገኘችም። ምነው ቢቀነስ!

ንግግሩ በእንግሊዝኛ መደረቡም ቅር አሰኝቶናል። በቆዩ ፊልሞች ለማሾፍ ሆን ተብሎ መደረጉ ይገባናል። ግን ይኸው ዳንኤል በ2015 «ክራምብስ» ላይ ከሰላም ተስፋዬ ጋር በአማርኛ ሲያፈቅር አይተነው የለም እንዴ? እዚህ ግን ከንፈሩና ቃሉ ለየብቻ ይሄዳሉ።