የቡታጅራ ጥናቶች ለሐዋሳ ምን ይላሉ?

በጤና ጣቢያ የሚሠራ ነርስ ወይም የጤና መኮንን የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኛን በብቃት ማከምና መከታተል ይችላልን? ይህ ጥያቄ ለብዙ ዓመታት በተስፋና በጥርጣሬ መካከል ሲንከባለል ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት ሳይካትሪና ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተሰኙት መጽሔቶች የታተሙ ሁለት ጥናቶች ጥያቄውን ወደ ማስረጃ መስክ አውጥተውታል። ሁለቱም የተካሄዱት በቡታጅራና በሶዶ አካባቢ ባሉ የገጠር ወረዳዎች ሲሆን፣ በወቅቱ የእነዚህ ወረዳዎች የክልል ርእሰ ከተማ ሐዋሳ ነበረች። ስለዚህ የጥናቶቹ ጥንካሬና ጉድለት በሐዋሳና በአካባቢዋ ለሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች የሩቅ ወሬ አይደለም።

የጥናቶቹ ሥር ረጅም ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮግራም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር። በዚያው ዘመን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመስቃንና ማረቆ ባካሄዱት የነርቭ በሽታዎች ቅኝት የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ዘገባ መሠረት ከእነዚህ ውስጥ በታወቀ ፀረ-የሚጥል መድኃኒት ታክመው የነበሩት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ በአብዛኛው በዕፅዋት፣ በፀበልና በክታብ ይረዱ ነበር። በሽታው ቢያንስ በርካሽ መድኃኒት ሊገታ እንደሚችል ለሚያውቅ ባለሙያ ይህ አኃዝ ዛሬም ያሳፍራል።

ከ1998 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ደግሞ በፕሮፌሰር አታላይ ዓለም፣ በፕሮፌሰር ደረጀ ከበደና በባልደረቦቻቸው የተመራው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት ዳሰሰ። የስኪዞፍሬኒያ ስርጭት ከ1,000 ሰው 4.7 ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ከአሥር ሕመምተኞች ዘጠኙ ያህል ደግሞ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አላገኙም ነበር። «የአእምሮ ሕመም የሥልጣኔ በሽታ ነው» የሚለው የቆየ አባባል በዚህ ጥናት መሠረቱን አጥቷል።

ከሁለቱ የ2022 ጥናቶች የመጀመሪያው በፕሮፌሰር ሻርሎት ሃንሎን የተመራው ነው። በዕጣ ከተመደቡት 329 ሕመምተኞች ግማሽ ያህሉ በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች፣ ሌሎቹ በሆስፒታል በሚሠሩ የሳይካትሪ ነርሶች ተከታተሉ። ከ12 ወራት በኋላ የጤና ጣቢያው ክትትል በሕመም ምልክቶች ረገድ ከነርሶቹ ክትትል ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። ሁለተኛው የዶክተር ሎራ አሸርና ባልደረቦቻቸው ጥናት ነው። በ48 ንዑስ ቀበሌዎች በሚኖሩ 166 የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኞች ላይ ተካሂዶ፣ ከጤና ተቋም ሕክምና በተጨማሪ በሠለጠኑ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ቤት ለቤት የተሰጠ ድጋፍ ሕመምተኞቹ የዕለት ኑሯቸውን የመምራት ችሎታቸውን እንዳሻሻለ አሳይቷል።

የእነዚህ ሥራዎች ዋጋ ከፍተኛ ነው። ጥያቄው ከአገር የተነሣ፣ መልሱም በአገር ምድር የተፈተነ ነው። ይሁን እንጂ በጥሩ መጽሔት መታተም አንድን ጥናት ከጥያቄ አያድነውም፤ ሦስት ነጥቦች በጥንቃቄ ሊታዩ ይገባል።

የመጀመሪያው «አያንስም» የሚለው ቃል ትርጉም ነው። ጥናቱ ያረጋገጠው የጤና ጣቢያው ክትትል በሳይካትሪ ነርስ ከሚመራው የተመላላሽ ሕክምና አለማነሱን ነው። ይህ ደግሞ ራሱ በሰው ኃይልና በአማራጭ ሕክምና የተወሰነ አገልግሎት ነው። ስለዚህ ውጤቱ «ያለው በቂ ነው» ተብሎ መተርጎም የለበትም። ከዚህም በላይ የጥናቱ ባለሙያዎች ሥልጠናና የቅርብ ድጋፍ ነበራቸው። ሥልጠናው ተሰጥቶ ድጋፉ ሲቀር፣ ወይም መድኃኒቱ ከመደርደሪያ ሲጠፋ፣ የተፈተነው አሠራር በሥራ ላይ አለ ማለት አይቻልም። ስሙ ብቻ ይቀራል።

ሁለተኛው የተለካውና ያልተለካው ነገር ነው። የጥናቶቹ ዋና መለኪያዎች የምልክትና የአቅም ነጥቦች ናቸው። ፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት የቡታጅራ የ10 ዓመት ክትትል ግን ሌላ መለኪያ ያስታውሳል። ከተከታተሏቸው 919 የጽኑ አእምሮ ሕመምተኞች 121ዱ ሞተዋል፤ የሟቾቹ ዕድሜ ከሚጠበቀው በሦስት ዐሥርተ ዓመታት ያህል ያጠረ ሲሆን ዋናው ምክንያት ተላላፊ በሽታ ነበር። ይህ ግኝት የጤና ጣቢያን አስፈላጊነት ከማናቸውም ክርክር በላይ ያጎላዋል፤ ሳልን፣ ትኩሳትንና ክብደት መቀነስን ለመመርመር ከጤና ጣቢያ የቀረበ የለምና። ሆኖም ሕመምተኛው «የአእምሮ ጉዳይ ነው» ተብሎ ሳንባው ሳይደመጥ የሚመለስ ከሆነ የምልክት ነጥቡ መሻሻል ከሞት አያድነውም። የወደፊት ጥናቶች የአካል ጤናንና ሞትን ከዋና መለኪያዎቻቸው ጎን ቢያሰልፉ የተሻለ ይሆናል።

ሦስተኛው በጥናቶቹ ውስጥ እነማን እንደታዩ የሚመለከት ነው። በቡታጅራው ቅኝት ከተገኙት የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኞች መካከል ለአንዲት ሴት አምስት ያህል ወንዶች ነበሩ። በሌሎች አገሮች የጾታ ልዩነቱ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ልዩነቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ በቤት ውስጥ ዝም ብላ የተቀመጠች ሴት በጠቋሚም በጠያቂም ዓይን ሳትገባ ቀርታ ሊሆን ይችላል። አደባባይ ላይ የሚታወክ ወንድ ሰፈር ሁሉ ያውቀዋል፤ ማድ ቤት ጥግ የተቀመጠችውን ግን ሰፈሩ «ዝምተኛ» ይላታል።

ጉዳዩ ሐዋሳ ላይ ሲደርስ ይህ ሦስተኛ ነጥብ ይበልጥ ይከብዳል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ መገኛ ናት፤ በፋብሪካዎቹ የሚሠሩት በአብዛኛው ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። የሶዶው የቤት ለቤት ድጋፍ የቆመው በቤተሰብና በጎረቤት ላይ ነው። በኪራይ ክፍል ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር የምትኖር፣ ወላጆቿ በሌላ ወረዳ ያሉ ወጣት የመጀመሪያው የሳይኮሲስ ምልክት ቢታይባት መድኃኒቷን የሚያስታውሳት ማን ነው? የክትትል ቀኗ የፈረቃ ሰዓቷ ቢሆንስ? የገጠሩ ጥናት ለዚህ መልስ ሊሰጥ አልተነሣምና አይወቀስም፤ መልስ እንዳለው አድርጎ ወደ ከተማ መገልበጥ ግን ስሕተት ነው።

ከዚህ ጋር የቋንቋ ጉዳይ ይነሣል። በቡታጅራ ቅኝት ያገለገለው መጠይቅ በአማርኛ የተዘጋጀ ነበር፤ በሲዳማ ገጠር ግን ሕመሙ የሚነገረው በሲዳምኛ ነው። የጭንቀትና የኀዘን ቃላት ከቋንቋ ቋንቋ አንድ ለአንድ አይገጥሙም። መለኪያው በተጠያቂው አፍ ሳይፈተን የሚሰበሰብ አኃዝ ብዛት ቢኖረውም እምነት አይጣልበትም።

የተቋማት ጉዳይም አለ። ምርምሮቹ ሲካሄዱ ከሐዋሳ ይተዳደር የነበረው ክልል ዛሬ የለም። ሲዳማ እ.ኤ.አ. በ2020 ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ ቡታጅራና ሶዶ ከ2023 ጀምሮ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ናቸው። የጤና ቢሮዎች ሲከፋፈሉ የሠለጠኑ ሰዎችና የተገኘ ልምድ አብረው ይበተናሉ። ሁሉም ዘገባዎች በእንግሊዝኛ መታተማቸው ደግሞ ልምዱ ለጤና ጣቢያው ባለሙያ ሳይደርስ እንዲቀር ያግዛል።

የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከሲዳማና ከአጎራባች አካባቢዎች የሚመጡ ሕመምተኞችን ይቀበላል። ዩኒቨርሲቲው የሕክምና ተማሪም፣ ነርስም፣ ተመራማሪም በአንድ ግቢ ያሉት በመሆኑ የቡታጅራን ሥራ በከተማ ለመፈተን የተመቸ ነው። ጅምሩ ግዙፍ በጀት የሚጠይቅ አይደለም፦ በጥቂት የከተማዋ ጤና ጣቢያዎች የሚከታተሉ የሚጥል በሽታና የጽኑ አእምሮ ሕመም ተጠቂዎችን መመዝገብ፣ መድኃኒት የጠፋባቸውን ቀናት መቁጠር፣ ክትትል ያቋረጡትን መፈለግ፣ በየጉብኝቱም ክብደትና ሙቀት መለካት።

ቡታጅራ ያስተማረችው ትልቁ ትምህርት ሕሙማን የሚገኙት ሲፈለጉ መሆኑን ነው። በ1980ዎቹ 316 ሰዎች የተገኙት የተመራማሪዎቹ ቡድን ወደየቤታቸው ስለሄደ ነው። የሐዋሳ ሕሙማንም በየኪራይ ቤቱና በየሰፈሩ አሉ፤ የሚቀረው ሄዶ መፈለግ ነው።